አንዲት ትርፍ «አስ»

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጀንፈል ሽታ ነው። ከነገለባው የደረቀ ቡና ዓመት ከዓመት ሲከመርበት የኖረ ቤት የሚሸተውን ሽታ የእኛ አገር ሰው ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። ቤቱ ከሚዛን ተፈሪ ብዙም ያልራቀ አሮጌ የቡና መጋዘን ነበር፤ የፖሊስ ጣቢያው ክፍሎች ሲሞሉ የተረፈውን ሰው የሚያስገቡት እዚያ ነው። ሽታው የልጅነቴ ሽታ ስለሆነ ለአንድ አፍታ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ወዲያው ብረቱ ከኋላዬ ተቆለፈ።

የተያዝኩት ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ጣቴ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ አልታጠብኩም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «የታሰሩት ሰዎች የት ነው ያሉት?» ብዬ ጠይቄያለሁ። በራሴ ላይ ሌላ ጥፋት አላውቅም። መልሱን በአካል ወስደው አሳዩኝ ማለት ነው። ይህችን ቀልድ እዚያ ውስጥ ደጋግሜ ተናግሬያታለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እኔ ራሴም መሳቅ አቆምኩ።

አስራ አንድ ሰው ነበርን። መስኮት የለም። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክንድ የምታስገባ ክፍተት አለች፤ ብርሃኑም ወጨፎውም የሚገባው በእሷ ነው። የሲሚንቶው ወለል ስንጥቅ ውስጥ የቀሩ የቡና ፍሬዎች ነበሩ። ሥራ ስናጣ በጥፍራችን እየፈለቀቅን እናወጣቸዋለን፤ ካወጣናቸው በኋላ ምን እንደምናደርጋቸው ስለማናውቅ መልሰን እዚያው እንከታቸዋለን።

ስም አልጠራም። በቀኜ የሚተኛው የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ የቴፒ ልጅ፣ ድምፀ ጎርናና፣ እኔን «ቲቸር» የሚለኝ። በግራዬ ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ቀጭን ወንጌላዊ አለ። በሩ አጠገብ ደግሞ ከእኔ ሁለት ቀን ዘግይተው የገቡ አዛውንት ነበሩ፤ ከሸኮ በኩል የመጡ፣ ቡናና ንብ ያላቸው ገበሬ። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ። አንድ ቀን ዘበኛውን «አንቺ ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ» ብለውት በጥፊ መታቸው። እኛ ስቀን ነበር። የሳቅነው በ«አንቺ»ው ነው እንጂ በጥፊው አይደለም እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን አጽናናለሁ።

የሚያስፈራን ነገር ሰዓት ነበረው። መርማሪው ምሳውን በልቶ የሚመለሰው ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ስም ይጠራል። የተጠራው አንዳንዴ በእግሩ፣ አንዳንዴ በሰው ተደግፎ ይመለሳል። «ከነዕቃህ» ከተባለ ግን አይመለስም። ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት የሚችላት ሰው አልነበረም። አንዱ ደጋግሞ ሽንቱ ይመጣበታል፤ ሌላው ሸሚዙን አጣጥፎ ይጨርስና መልሶ ይዘረጋዋል። እኔ የተማሪዎቼን የስም መጥሪያ በቃሌ እየደገምኩ መሃል ላይ ስሞች ይጠፉብኝ ነበር።

ደግነቱ ዝናቡም በዚያው ሰዓት ይመጣል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዘበኛው ጆሮውን በሩ ላይ ቢለጥፍ እንኳ የምንለውን አይሰማም። ያን ጊዜ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን እንቀመጥና የሚያስፈራ ታሪክ እናወራለን።

ይህን ስነግረው የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። «ፍርሃት አነሳችሁ? የሚያስቅ አታወሩም ነበር?» ይሉኛል። ሞክረነዋል። የሚያስቅ ታሪክ እዚያ ውስጥ አይሠራም፤ ሳቁ ሲያልቅ ፍርሃትህን ልክ ትተኸው በሄድክበት ቦታ ታገኘዋለህ። ጅቡ፣ ሙቱ፣ ወንዝ ዳር የምታለቅሰው ሴት ግን ፍርሃትህን ተቀብለው ለጥቂት ጊዜ ይይዙልሃል። የአስሩም ሰው ትንፋሽ አብሮህ ሲቆም ይሰማሃል። ደግሞም ያ ፍርሃት መጨረሻ አለው፤ ዝናቡ ሳያባራ ያልቃል። የእኛን መጨረሻ የሚያውቀው መርማሪው ብቻ ነበር።

በዚህ ሥራ ሹፌሩን የሚያክለው አልነበረም። ከቱም ከተማ ሲመለስ ጭጋግ ውስጥ የገባበትን ቀን አራት ጊዜ አስደግመነዋል። ጋቢናው ውስጥ እሱ፣ ረዳቱና አንድ ተሳፋሪ አሉ። ኬላ ላይ ታጣቂው አንገቱን አስግጎ ይቆጥራል።

«‹አራት ናችሁ› አለኝ። ‹ሦስት ነን› አልኩት። ደግሞ ቆጠረ። ‹አራት ናችሁ፤ መሃል የተቀመጠችው መታወቂያዋን ታምጣ› አይለኝም!»

ያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ከተቀመጥነው ሰዎች መሃል ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቦታ ቀየርኩ።

«እኔ ግን አልፈራሁም፣» ይላል በመጨረሻ፤ «ማርሽ አስገብቼ ላጥ!»

የሁላችንም ታሪክ የሚያልቀው እንዲሁ ነበር። ፀጉሬ ቆመ እንላለን፣ ላብ አጠመቀኝ እንላለን፤ ከዚያ «ግን አልፈራሁም» ብለን እንደመድማለን። ወንጌላዊው መጀመሪያ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወንድሞቼ፣ ይህ ነገር ለርኩስ መንፈስ በር መክፈት ነው» ብሎ ተቃውሞ ነበር።

«በሩን የሚከፍት ከተገኘማ መንፈስም ይሁን!» አለው ሹፌሩ።

በሳምንቱ ወንጌላዊው ራሱ አንድ አወራ። «ተረት አይደለም፣ ምስክርነት ነው» ብሎ ነው የጀመረው፤ ከሁሉም የከፋው የእሱ ሆነ። እሱም አልፈራም።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ቀን ሰሚ ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤት ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ግን፣ ዝናቡ ገና መውረድ እንደጀመረ፣ «እኔም አለኝ» አሉ። እኔም በማግስቱ አብሬያቸው ነበር የምቀርበው።

«ይበሉ ፋዘር!» አለ ሹፌሩ።

«ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ወጣሁ። ትልቅ ዛፍ ነው። ገመድ እዚህ» ብለው ወገባቸውን አሳዩ። «ቀን ነው፤ ፀሐይ አለች። ወንድሜ ጠራኝ። ከታች አይደለም። ከላይ ጠራኝ። ከእኔ በላይ ሰው የለም፣ ቅርንጫፍ የለም።»

«ወንድምዎ የት ነው የሚኖረው?» አለ ወንጌላዊው።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ሹፌሩ እንኳ ወደ እኛ ጠጋ አለ። የቆርቆሮው ጩኸት ብቻ ነበር።

«የልጅ ስሜን ጠራኝ። እናታችን ብቻ የምትጠራውን። ያን ጊዜ እኔ በጣም አስፈራሁ!»

ሹፌሩ ሳቁ ፈነዳበት። «ሟቹን አስፈራሩት? ለካ ጭራቁ እርስዎ ኖረዋል ፋዘር!» ሁላችንም ሳቅን። አዛውንቱም ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ፤ ታሪካቸው የተወደደላቸው መስሏቸዋል።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ በሽታዬ ማረም ነው። «አባ፣ ‹ፈራሁ› ነው የሚባለው» አልኳቸው። «‹አስፈራሁ› ካሉ የፈራው ሌላ ሰው ነው። አስፈሪው እርስዎ ሆኑ ማለት ነው።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። «አስፈራሁ ማለት . . . እኔ ነኝ የፈራሁ አይደለም?»

«አይደለም አባ።»

«ለእሷም እንደዚህ ነው ያልኩ» አሉ።

«ለማን?»

«ለዚያች። ለምትጽፈው።»

መርማሪውን ማለታቸው ነበር።

የታሰሩበትን ጉዳይ በጨረፍታ እናውቀዋለን። በቀበሌያቸው ስብሰባ ላይ ተኩስ ተሰማ፤ ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ ሕዝቡ ተበተነ፤ በማግስቱ እሳቸውን ከቤታቸው ወሰዷቸው። ለመርማሪው ያሉትን አንድም ሳያስቀሩ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።

«ተኩስ ሰማሁ። አስፈራሁ። ሰው ሁሉ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጻፈች። አነበበችልኝ። ‹ሰው በማስፈራራት› አለች። እኔ ያልኩት ነው ብዬ ‹ልክ ነው› አልኳት። ጣቴን ቀለም ነክረው አስረገጡኝ።»

መርማሪው ተሳስቶ ይሁን ተመችቶት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኚህ ሰው ግን አንድ ቃል ሳይዋሹ፣ በአንዲት ትርፍ «አስ» በገዛ አፋቸው ወንጀለኛ ሆነዋል። ስንት ተማሪ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የቀለድኩባት ስህተት ናት።

«ነገ ለዳኛው ‹ፈራሁ› ይበሉ» አልኳቸው። «አንዲት ቃል ናት። ፈ-ራ-ሁ።»

ሞከሩ። ልማዱ ምላሳቸውን ይጎትተዋል፤ «አስ» ይሉና ይቆማሉ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ አስተማሪ፣ ይህች ቃል የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። የፈራ ሰው ሁሉ ይላታል።»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ። «ገበያ ላይ ሰው ‹አስፈራሁት› ይላል። ፖሊስ ‹አስፈራኋቸው› ይላል። እዚህም ይሄው አስራ አራት ቀን ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ሁሉም ‹አልፈራሁም› ይላል። ‹ፈራሁ› የሚል የለም። ከማን ልማር?»

እውነታቸውን ነበር። አማርኛን ከወንድ አፍ የተማረ ሰው ያቺን ቃል ከየት ያመጣታል?

መጀመሪያ የተናገረው ሹፌሩ ነው። ጎርናናው ድምፁ አልነበረም። «ኬላው ላይ ፈራሁ» አለ። «ላጥ ያልኩት ረዳቴን እዚያው ጥዬው ነው። ሽንት ሊሸና ወርዶ ነበር። ተመልሼ አላመጣሁትም።» ደግሞም «አሁንም የምሳ ሳህን ሲሰበሰብ እፈራለሁ» አለ።

«ፈራሁ» አሉ አዛውንቱ ከአፉ ተቀብለው፣ ተማሪ እንደሚያደርገው።

ወንጌላዊው ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናገረ። «ሲጠሩኝ ፈራሁ። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። ‹ጌታ ሆይ› እንኳ አልመጣልኝም።»

«ፈራሁ» አሉ አዛውንቱ።

እንዲህ እያለ ዞረ። አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ዱላ ላረፈበት ወገቡ፣ አንዱ ለምን እንደሆነ ሳይናገር ዝም ብሎ «ፈራሁ» አለ። አዛውንቱ ከእያንዳንዳችን አፍ ቃሏን ይቀበላሉ፤ እኔም «ጎበዝ» እላቸዋለሁ፤ «አስ»ዋ እየጠፋች ሄደች። የእኔ ተራ ሲደርስ ዝናቡ አባራ። በሩ ተከፈተና ስም ተጠራ። የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

መርማሪው የዚያን ቀን ደግ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ። «ያንተ ፋይል ነገ ይዘጋል» አለኝ፤ «ከዳኛው ፊት አርፈህ ቁም፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ አትግባ፣ ማታ ቤትህ ትገባለህ።» የአዛውንቱ ቃል ያለበት ወረቀት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ወረቀቶች አንዱ መሆን አለበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አፌን ከፈትኩ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

መጋዘኑ ስመለስ አዛውንቱ ተነሥተው ተቀበሉኝ። «ነገርሻት?» አሉኝ።

«ነገ ለዳኛው እርስዎ ይናገራሉ፤ እሱ ይሻላል» አልኳቸው። መምህር መሆን ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል፤ ውሸትም ምክር ይመስላል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሁለት እያደረጉ በካቴና አሰሩን። የእኔ ቀኝ እጅ ከአዛውንቱ ግራ እጅ ጋር ታሰረ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። የእሳቸው ፋይል ቀድሞ ተነበበ፤ «ሰዎችን በማስፈራራት» የምትለው ስትደርስ ክንዳቸው ሲጠነክር በካቴናው በኩል ተሰማኝ።

«የሚሉት አለ?» አለ ዳኛው።

አዛውንቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ተኩስ ሰማሁ» አሉ። ከንፈራቸው መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቃሏ መጣች። «ፈራሁ። እኔ ፈራሁ። ሮጥኩ።»

ትርፍ ነገር አልነበረባትም።

መርማሪው ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ያስጠኗቸው እስር ቤት ውስጥ ነው። በጣታቸው የፈረሙት ቃል ሌላ ነው።»

«ማን ነው ያስጠናዎት?» አለ ዳኛው።

ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት የትኛውም የሹፌሩ ታሪክ አልሰጠኝም። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞር ቢሉ፣ ዓይናቸው ብቻ ወደ እኔ ቢያመልጥ፣ የማታው ቤቴ ጠፋ። አልዞሩም። ፊት ለፊት እያዩ፣ «ማንም» አሉ። «የፈራሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

እጄን አወጣሁ። ስብሰባ ላይ እንዳወጣሁት ነው ያወጣሁት፤ ያነሣሁት የታሰረውን እጄን ስለነበረ የእሳቸውም እጅ አብሮ ተነሣ። ሁለት እጅ በአንድ ካቴና አየር ላይ ሲቆም ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «የአማርኛ መምህር ነኝ። ያስጠናኋቸው ሐሳብ አይደለም፤ ቃሏን ነው። ‹አስፈራሁ› ሲሉ ‹ፈራሁ› ማለታቸው ነው። አስተርጓሚ ይሰጣቸው።»

ዳኛው ሳይፈቀድልኝ በመናገሬ ገሠጸኝና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። በአዛውንቱ ላይ አስራ አራት ቀን ተጨመረባቸው፤ የእኔም ፋይል አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቆይቻለሁ።

ስንመለስ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ጭቃ ስለነበረ እያንገጫገጨ ካቴናው ሁለታችንንም ይልጠናል። ብዙ ሄደን አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ፈራሽ?» አሉኝ።

«ፈራሁ አባ።»

«ጎበዝ» አሉ፣ ልክ እኔ ትናንት እንዳልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሳይመጣ በሩ ተከፈተና እሳቸው ተጠሩ፤ ከነዕቃቸው። ዕቃቸው አንድ ጋቢና አንድ የፕላስቲክ ጣሳ ነበር። ጋቢውን ለብሰው ጣሳውን ለሹፌሩ ትተውለት ወጡ። የዚያን ቀን ታሪክ አላወራንም።

ከወጣሁ በኋላ ሸኮ ሄጄ ቤታቸውን አገኘሁ። አልመጡም ነበር። ልጃቸው ስንቅ ይዛ ጣቢያ ለጣቢያ ትዞራለች፤ እዚህ ነው ሲሏት እዚያ፣ እዚያ ነው ሲሏት የለም። ያመማት ግን ሌላም ነገር ነበር። «ሰው አስፈራርቷል ይላሉ» አለችኝ። «ጎረቤት ‹ሰላም ነሽ› ማለት ትቷል። አባቴ እንደዚያ ያደርጋል?» ችሎት ላይ ያሉትን ነገርኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ከዚያ ቃሏን ራሷ አለቻት፣ ለጎረቤት የምትነግርበትን መንገድ የምትለማመድ ይመስል፣ «ፈራሁ ነው ያለው»። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። ዛሬም እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ ዛሬም የለም።

ማስተማሩን ቀጥያለሁ። የትምህርት ቤታችን ጣሪያም ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ድምፄ ስለማይሰማ ትምህርቱ ይቆማል። ተማሪዎቹ ያን ጊዜ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይጠጋጋሉ፣ የሚያስፈራ ታሪክ ይጀምራሉ። አልከለክላቸውም። ጠመኔዬን አስቀምጬ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ጫካ ጠርዝ ካሉ ቀበሌዎች የመጡ ልጆች አሉን፤ አማርኛን ገና በቅርቡ የለመዱ። አንዳንዴ አንዷ ታሪኳን ጨርሳ «በጣም አስፈራሁ» ትላለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል።

እጄን አነሣለሁ፤ ዝም ይላሉ። አላርማትም። መጀመሪያ ጠጋ ብዬ እጠይቃታለሁ።

«ማን ነው የፈራው?»